የእግር ኳስ ቡድኖች ቅጽል ስሞችና የቀለም ቃላት

1. መነሻ

ለአብነት ያህል ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን እንውሰድ። አንደኛው «ቢራ ከመቻል ይጋጠማል» የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ቡናማዎቹ ፈረሰኞቹን ይገጥማሉ» የሚል ነው። የመጀመሪያው በ1970ዎቹ ዓመታት የስፖርት ዜና ቢሆን የሚያስገርም አልነበረም፤ ሁለተኛው የዛሬ ዜና አባባል ነው። የአማርኛን ሰዋስው ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ነገር ግን የስታዲየም ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ተርጓሚ እነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ቢያገኝ ከመዝገበ ቃላት የሚያገኘው እርዳታ እምብዛም ነው። ቢራ የሚጠጣ ነገር፣ መቻል የግስ ዘር፣ ቡናማ የቀለም ስም፣ ፈረሰኛም በፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው መሆኑን ይረዳል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚጋጠም ግን አይረዳም። ከዚህም በላይ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ቢራ» እና የሁለተኛው ዐረፍተ ነገር «ፈረሰኞቹ» አንድና ያው ቡድን መሆናቸውን ሊጠረጥር አይችልም።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው የቡድኖች ስም፣ ቅጽል ስምና ቀለም ለቋንቋ ጥናት የማይናቅ ምንጭ መሆኑን ነው። ዋና ስም በአዋጅ ወይም በመሥሪያ ቤት ውሳኔ ይለወጣል፤ በተለወጠም ጊዜ የቀድሞው ትርጉም ከሰው አእምሮ ቶሎ ይጠፋል። ቅጽል ስምና የቀለም ቃል ግን የሕዝብ በመሆናቸው የቋንቋውን የራሱን አካሄድ ይከተላሉ። ሁለቱንም በጊዜው መዝግቦ ማኖር የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ሥራ ነው ብለን እናምናለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

2. የመጀመሪያዎቹ ስሞች

በአገራችን ከሚገኙት ቡድኖች በዕድሜ አንጋፋ የሆነው ቅዱስ ጊዮርጊስ በአዲስ አበባ በአራዳ በ1928 ዓ.ም. ተመሠረተ። መሥራቾቹ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ እንደነበሩ ይታወቃል። ስሙ የቅዱስ ስም ቢሆንም የሰፈር ስምም ጭምር መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በአዲስ አበባ የደብር ስም የአካባቢው መጠሪያ ይሆናል፤ «ጊዮርጊስ ጋ እንገናኝ» የሚል ሰው ቦታ መናገሩ ነው። ስለዚህ ቡድኑ በቅዱሱ ሲጠራ በሠፈሩም መጠራቱ ነበር።

ቡድኑ በተመሠረተ በጥቂት ወራት ውስጥ ጣልያን አዲስ አበባን ያዘ። በወረራው ዘመን ቡድኑ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተብሎ እንዲጠራ ተገደደ። «ሊቶሪዮ» የፋሺስቶች ዓርማ ከሆነው ከጥንታዊ ሮማውያን የበትር እስር ጋር የተያያዘ ቃል ነው። «ውቤ ሰፈር» ግን የአዲስ አበባ ሰው ለአካባቢው የሰጠው ስም ነው። በግድ የተጫነው ስም እንኳ የሰፈሩን ስም ሊፍቀው አለመቻሉ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲካሄድ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር የተሰለፉት የአርመኖች አራራት፣ የግሪኮች ኦሎምፒያኮስ፣ የጣልያኖች ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ የጦር ልዑክ ቡድን ነበሩ። አሸናፊ የሆነውም የጦር ልዑኩ ቡድን ነው። የእነዚህን ስሞች አሰጣጥ ስንመረምር እያንዳንዱ ማኅበረ ሰብ ለራሱ የመረጠው የትዝታ ስም መሆኑን እናያለን። አርመኑ ተራራውን፣ ግሪኩ ጥንታዊ ጨዋታውን፣ ጣልያኑ «ብርታት» የሚል ትርጉም ያለውን የላቲን ቃል፣ አዲስ አበቤው ደብሩን ስም አደረገ።

በዚያው ዘመን ከተነሡት ስሞች ለሰዋስው አጥኚ ልዩ የሚሆነው የጦር ሠራዊቱ ቡድን ስም «መቻል» ነው። ይህ ስም የቦታ፣ የሰው ወይም የመሥሪያ ቤት ስም አይደለም፤ «ቻለ» ከሚለው ግስ የወጣ ንዑስ አንቀጽ ነው። ፍችው ሁለት ነው። አንደኛው ኀይልና ችሎታ ማግኘት፣ ሁለተኛው መታገሥና መሸከም ነው። «ቻይ» ስንል ታጋሽ ማለታችን መሆኑ የታወቀ ነው። ለወታደር ቡድን ሁለቱም ፍችዎች ይስማማሉ፤ ተርጓሚ ግን አንዱን ሲይዝ ሌላውን መልቀቁ አይቀርም። ይህ ቡድን በኋላ ዘመን «መከላከያ» ተብሎ ብዙ ዓመታት ከቈየ በኋላ በ2014 ዓ.ም. ወደ ጥንቱ ስሙ ተመልሷል።

የኤርትራ ቡድኖች በሻምፒዮናው ሲካፈሉ በ1947 እና በ1949 ዓ.ም. ሐማሴን፣ በ1950 ዓ.ም. አካለ ጉዛይ አሸናፊዎች ሆኑ፤ እነዚህ የአውራጃ ስሞች ናቸው። ቀጥሎም የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት ስሞች መጡ። ቴሌ፣ ኢትዮ ሲሚንቶ፣ የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። የድሬዳዋውን ቡድን ሕዝቡ «ጥጥ» ሳይሆን «ኮተን» ብሎ መጥራቱ የውሰት ቃል አንዳንድ ጊዜ የሚሰጠውን አገልግሎት ያሳያል። «ጥጥ» የሚፈተለው ነገር ሆኖ ሲቀር «ኮተን» የቡድኑ የተጸውዖ ስም ሆነ። ይህንኑ አካሄድ በ«ሳንጆርጅ» ላይ እናገኘዋለን። በደብሩ «ቅዱስ ጊዮርጊስ» የሚለው ሰው በስታዲየም «ሳንጆርጅ» ይላል፤ ሲያቈላምጥም «ሳንጆርጅዬ» ይላል። ውሰቱ ቅዱሱን ከቡድኑ ለይቶ ለማስቀመጥ ጠቅሟል፤ ምእመኑ ቡድኑን ሲነቅፍ ቅዱሱን እንዳይነካ ሆኗል።

የጣልያንኛም ድርሻ በዚሁ መጠቀስ አለበት። «ሊቶሪዮ» የሚለው የተጫነ ስም ከጫኙ ጋር ሄደ። በአስመራና በአዲስ አበባ ከኖሩት ጣልያኖች ሕዝቡ በፈቃዱ የወሰዳቸው «ማልያ» እና «ቲፎዞ» የሚሉት ቃላት ግን ቀሩ። ዛሬ ማልያ የሚለብሰውና ቲፎዞ የሚሆነው ሰው ቃላቱን የባዕድ አድርጎ አይቈጥራቸውም። እንዲያውም «ቲፎዞ» ከሜዳ ወጥቶ በማናቸውም ክርክር ላይ ያለ ሚዛን የሚደግፍን ሰው ለመንቀፍ ይነገራል።

3. አዋጅና ስም

ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ ሥርዐት ሲለወጥ የቡድኖችም ስም ተለወጠ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የቅዱስ ስሙን ትቶ በቢራ ፋብሪካው ስም «ቢራ» ተባለ። በ1977፣ በ1978 እና በ1979 ዓ.ም. በተከታታይ የኢትዮጵያ አሸናፊ ሆኖ የተመዘገበው በዚሁ ስም ነው። ጥንታዊ ስሙ የተመለሰለት ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ ጋር ነበር። የእነዚያን ዓመታት ጋዜጣ ለሚያነብ ተመራማሪ ይህን አለማወቅ ከባድ ስሕተት ያስከትላል። አንድን ቡድን ሁለት አድርጎ ይቈጥራል፤ ወይም አንጋፋው ቡድን ለብዙ ዓመታት ጠፍቶ እንደነበረ ይገምታል።

የዘመኑ ሌሎች ስሞችም የጊዜውን መንፈስ ይናገራሉ። በ1972 ዓ.ም. አሸናፊ የሆነው «ትግል ፍሬ» ስሙን ከአብዮቱ መዝገበ ቃላት የወሰደ ነው። የኦጋዴን ጦርነት ባበቃበት በ1970 ዓ.ም. አሸናፊው «ኦጋዴን አንበሳ» ነበር። በአንጻሩ የፖሊስ ሠራዊት ቡድን «ኦሜድላ» በዚያው ሥርዐት ውስጥ ስሙን ይዞ ቈይቶ በ1971 ዓ.ም. ለሻምፒዮናነት በቅቷል። ኦሜድላ ዐፄ ኀይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ የተከሉበት የጠረፍ ቦታ ነው። የንጉሡ ስም ከአደባባይ በተፋቀበት ዘመን የንጉሡን መመለስ የሚያስታውሰው ስም በየሳምንቱ በስታዲየም ሲጠራ መኖሩ የሚገርም ነው። ምክንያቱ ስሙ የቦታ ስም መሆኑ ይመስለናል። የቦታ ስም ታሪኩን ደብቆ ይይዛል፤ የሚያውቀው ያስታውሰዋል፣ የማያውቀው ያልፈዋል።

ከዚህ ዘመን ለእኛ ሙያ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት የሚሰጠው «ከነማ» የሚለው ቃል ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። ከ«ከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» የመጀመሪያ ፊደላት «ከነማ» የሚል አኅጽሮተ ቃል ተሠራ። ቃሉ በመድኃኒት ቤት ሰሌዳ ላይም በቡድን ማልያ ላይም ዋለ። ማኅበራቱ ከነሥርዐታቸው ካለፉ በኋላ እንኳ አዳማ ከነማ፣ ሀዋሳ ከነማ፣ ድሬዳዋ ከነማ እየተባለ ቀጠለ። በኋላ ብዙዎቹ «ከተማ» በሚለው ተኩት፤ የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ግን ይዞት ቈየ።

ወጣቱ ተናጋሪ ዛሬ «ከነማ» ሲል አኅጽሮተ ቃል መናገሩን አያውቅም። ከፊሉ የ«ከተማ» ሌላ አነጋገር ይመስለዋል፤ ከፊሉም ምንም ፍች ሳይሰጠው የስም ተከታይ አድርጎ ይወስደዋል። ቃሉ ገና በሕይወት ሳለ ትርጉሙ ሞቷል ማለት ይቻላል። የቃሉ መነሻ ከሃምሳ ዓመት ብዙም ያልራቀ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ከተረሳ፣ ሌላ ሃምሳ ዓመት ቢያልፍ ሥርወ ቃሉን የሚሻ ሰው ከግእዝ ወይም ከኩሽ ቋንቋዎች ሊፈልገው እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

4. ከፈረስ ስም ወደ ፈረሰኞቹ

ቅጽል ስም ለአማርኛ አዲስ አይደለም። መኳንንቱና ነገሥታቱ የፈረስ ስም ነበራቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር። ከቡድኖቻችን አንዱ ይህን ልማድ በቀጥታ ወርሷል፤ በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ አሸናፊ የሆነው የጅማ አባ ጅፋር ዋና ስም ራሱ የፈረስ ስም ነው።

የዛሬው የቡድኖች ቅጽል ስም ግን በሰዋስው ከፈረስ ስም ይለያል። የፈረስ ስም በ«አባ» ይጀምራል፤ ነጠላ ነው፤ አንድን አለቃ ያወድሳል። የቡድን ቅጽል ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ የብዙ ቍጥር ምዕላድና እርሱን የሚከተል የታወቀነት ምዕላድ ይዞ ይገኛል፤ ፈረሰኞቹ፣ ነብሮቹ፣ አዞዎቹ እንደሚባለው። ይህ አሠራር የሰፋው በ1980ዎቹ አጋማሽ የግል ስፖርት ጋዜጦች ከበዙ ወዲህ ነው ብለን እንገምታለን። ጋዜጦቹ የእንግሊዝን ቡድኖች «መድፈኞቹ»፣ «ቀያይ ሰይጣኖቹ»፣ «ሰማያዊዎቹ» እያሉ ሲተረጕሙ የአገሩም ቡድኖች በዚሁ ቅርጽ መጠራታቸው ተዘወተረ። ቅርጹ በትርጉም ይምጣ እንጂ ይዘቱ የአገር ነው።

ይዘቱን ስንመድበው በአራት ይከፈላል። አንደኛው ከአካባቢው ተፈጥሮ የተወሰደ ነው። ሀዋሳ ከተማ «ሐይቆቹ»፣ ባሕር ዳር ከተማ «የጣና ሞገዶቹ»፣ አርባ ምንጭ ከተማ «አዞዎቹ» ይባላሉ። ሁለተኛው ከታሪክ የተወሰደ ነው። ፋሲል ከነማ «ዐፄዎቹ»፣ ወላይታ ድቻ በመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ ስም «የጦና ንቦች» ይባላሉ። ሦስተኛው ከአራዊት የተወሰደ ሲሆን ሀድያ ሆሳዕና «ነብሮቹ»፣ የመቐለ 70 እንደርታ ቡድን በትግርኛ «ምዓም አናብስት» ይባላሉ። አራተኛው ከቀለም የተወሰደው ነው፤ ስለ እርሱ ቀጥለን በሰፊው እንናገራለን።

ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹ በቋንቋው ላይ ያመጡት ለውጥ አለ። «ዐፄ» በጥንቱ አነጋገር ከስም በፊት የሚገባ ማዕርግ ነው፤ ብዙዎቹን ለማመልከት «ነገሥታት» እንላለን እንጂ «ዐፄዎች» ማለት እምብዛም የተለመደ አልነበረም። በአንድ ዘመን አንድ ዐፄ ብቻ ነበርና። «ዐፄዎቹ» የሚለው ቅጽል ስም ማዕርጉን የወል ስም አደረገው። «አናብስት» በበኩሉ በግእዝና በትግርኛ የሚገኘውን የውስጥ ብዙ ቍጥር ይዞ በአማርኛ ዜና ውስጥ ሳይተረጐም ይነገራል፤ «አንበሶቹ» የሚል ዘጋቢ ደጋፊውን አያስደስትም። «ሐይቆቹ» ደግሞ በጋዜጣ በሦስት ዐይነት ፊደል፣ በሐመሩ ሐ፣ በሃሌታው ሀ እና በብዙኃኑ ኀ፣ ሲጻፍ ይታያል። የግእዙ ሥር ሐመሩን ሐ ስለሚጠይቅ እኛም በእርሱ ጽፈነዋል።

5. ማልያና የቀለም ቃል

የቀለም ስሞች ነገር ከሁሉ የበለጠ ትኵረት ይሻል። በአማርኛ ብዙው ጥንታዊ የቀለም ቃል ቀለሙን ከተሸካሚው ለይቶ አይናገርም። በዛሬው አነጋገር ቡናማ ልንለው የምንችለውን መልክ እንውሰድ። በፈረስ ላይ ሲሆን ዳማ ወይም መጋላ ይባላል፤ በሰው ላይ ሲሆን ጠይም ይባላል፤ በከብትና በአህያ ላይ ፈዘዝ ያለው ቡላ ይባላል። ነጭ ፈረስ አምባላይ፣ ጥቁሩ ጉራች ነው። ጠይም ማልያ ወይም መጋላ ሹራብ ቢባል ሰሚው ይስቃል። ማልያ ከሰውም ከፈረስም ከከብትም አይደለምና ተሸካሚ የማይመርጥ የቀለም ቃል ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለውን ቃል ያበዛው ማልያ ብቻ አይደለም፤ የፋብሪካ ጨርቅና የቤት ቀለምም ድርሻ አላቸው። በሕዝብ አፍ በየሳምንቱ እንዲነገር ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ግን የእግር ኳስ ሜዳ ነው።

በዚህ ረገድ ቀዳሚው ምሳሌ ኢትዮጵያ ቡና ነው። በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተውና «ቡና ገበያ» ይባል የነበረው ይህ ቡድን ቡናማና ቢጫ ይለብሳል፤ ቅጽል ስሙም «ቡናማዎቹ» ነው። የዚህ ስም ብልሃት ያለው በ«-ማ» ምዕላድ ላይ ነው። «-ማ» በአማርኛ ሁለት አገልግሎት ይሰጣል። በ«ተራራማ»፣ በ«ዝናባማ»፣ በ«ፍሬያማ» ነገሩ የበዛበት ማለት ነው፤ በ«ወርቃማ» ደግሞ የነገሩን መልክ የመሰለ ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ቡናማዎቹ» የቡና መልክ ያላቸው ወይም ቡና የሞላቸው ተብሎ ሊፈታ ይችላል። ደጋፊው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያስባል። ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልስ ሰው ቀለሙን ከያዘ ቡናው ይፈሳል፤ ቡናውን ከያዘ ቀለሙ ይለቃል።

ሁለተኛው ምሳሌ «ብርቱካናማዎቹ» የሚባለው ድሬዳዋ ከተማ ነው። የቃሉ ጕዞ ረጅም ነው። «ብርቱካን» ከዐረብኛው «ቡርቱቃል» የመጣ ሲሆን ዐረብኛው ራሱ ፍሬውን የሰየመው በፖርቱጋል ስም ነው። የአገር ስም ፍሬ ሆነ፤ ፍሬው በ«-ማ» ቀለም ሆነ፤ ቀለሙ በብዙ ቍጥር ቡድን ሆነ። በየደረጃው አንድ ፍች ተጨምሯል፤ የቀደመው ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

ሦስተኛው ምሳሌ «ሐምራዊ ለባሾቹ» የሚባለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቡድን ነው። «ሐምራዊ» እንደ «ሰማያዊ» ሁሉ በግእዙ «-አዊ» የተሠራ ቅጽል ነው። ለብዙ አንባቢ ቃሉ የሚታወቀው በመጽሐፍ ቅዱስ ስለ ድንኳኑ መጋረጃዎች በሚናገረው ክፍል ነበር። ሥሩ በዐረብኛ ቀይ ከሚለው ቃል ጋር የተዛመደ ሆኖ ሳለ ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳና በቀይና በሰማያዊ መካከል ያለውን ቀለም ለይቶ ያመለክታል። የቤተ መቅደስ ቃል የባንክ ሰሌዳና የማልያ ቃል ሆነ። «ለባሽ» ግን ድሮም ነበር። መደበኛ ያልሆነው የገጠር ጦር «ነጭ ለባሽ» ይባል እንደነበረ ይታወቃል። ወገንን በልብሱ ቀለም መጥራት ከእግር ኳስ የቀደመ ልማድ መሆኑን ይህ ያስረዳል። ወልዋሎም «ቢጫ ለባሾቹ» ሲባል በዚሁ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ቅዱስ ጊዮርጊስም ቢጫና ቀይ ሲለብስ ስለምን በቀለም አልተጠራም? አስተያየታችን እንዲህ ነው። «ሸገር ደርቢ» በሚባለው ግጥሚያ ፊት ለፊት የሚቆሙት ሁለቱ ቡድኖች ቢጫን በጋራ ይለብሳሉ። የጋራ የሆነ ነገር መለያ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ አንዱ የራሱ የሆነውን ቡናማውን ያዘ፤ ሌላው ቀለምን ትቶ በሥዕለ ቅዱሱ ላይ ወደሚታየው ፈረስ ሄደ። በቋንቋ ጥናት ቃል ፍችውን የሚያገኘው ከጎረቤቱ በመለየቱ ነው እንላለን፤ የስታዲየሙ ሕዝብ ይህን ሕግ ማንም ሳያስተምረው ሠርቶበታል።

6. ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች

ከላይ ከተመለከትነው በመነሣት አራት ነገሮችን እናሳስባለን።

ሀ. ቅጽል ስም ከመነሻ ቃሉ ሥር በተለየ ተራ ቍጥር እንዲገባ፤ ለምሳሌ «ፈረሰኛ» በሚለው ዋና ቃል ሥር «በብዙ ቍጥርና በታወቀ ሲነገር የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን» የሚል ፍች እንዲታከል።

ለ. የተለወጡ ስሞች ከነዘመናቸው እንዲመዘገቡ። «ቢራ»፣ «ቡና ገበያ»፣ «መከላከያ» የሚሉት መቼ የማን መጠሪያ እንደነበሩ ካልተጻፈ የዘመኑ ጋዜጣ ለሚመጣው ትውልድ የተዘጋ በር ይሆናል።

ሐ. አኅጽሮተ ቃላት ሙሉ ቃላቸው ሳይረሳ እንዲፈቱ። «ከነማ» ለዚህ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

መ. ተርጓሚ ቅጽል ስምን በመጀመሪያ ሲያገኘው ድምፁን ይዞ ፍችውን በአጭሩ እንዲያስረዳ፣ ከዚያ በኋላ ግን በድምፁ ብቻ እንዲቀጥል። «ምዓም አናብስት» በአማርኛ ዜና ሳይተረጐም መኖር ከቻለ፣ «ቡናማዎቹ» በሌላ ቋንቋ ሳይተረጐም መኖር የማይችልበት ምክንያት የለም።

አንድ ነገር እንጨምር። የብሔራዊ የሴቶች ቡድናችን «ሉሲዎቹ» ይባላል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው የቅድመ ሰው አፅም በአገሯ «ድንቅነሽ» የሚል ያማረ ስም ነበራት፤ «ድንቅነሾቹ» ግን አልተባለም። «ድንቅነሽ» ስም ብቻ ሳይሆን ለአንዲት ሴት የተነገረ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ለብዙዎች ሲሆን «ድንቅ ናችሁ» መባል ነበረበት። የባዕዱ ስም የተመረጠው በዝናው ብቻ ሳይሆን የብዙ ቍጥር ምዕላዱን ያለ ችግር ስለሚቀበልም ይመስለናል። የወንዶቹ ቡድን «ዋልያዎቹ» ሲባል እንዲህ ያለ ችግር አልገጠመውም።

ቃል የሚሠሩ ሊቃውንት በጉባኤ ተቀምጠው የሚያወጡት ስያሜ አንዳንዱ ይለመዳል፤ አንዳንዱ በወረቀት ይቀራል። የስታዲየሙ ሕዝብ ግን በየሳምንቱ ያለ ጉባኤ ይሰይማል፤ የማይስማማውን ይጥላል፣ የሚስማማውን ይዘምረዋል። የእኛ ድርሻ ከእርሱ ጋር መሽቀዳደም ሳይሆን የተባለው ሳይረሳ፣ በተባለበት ጊዜና በተባለበት ፍች መጻፍ ነው።